መጨረሻውን ሳያይ የወጣው ተመልካች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ጓደኞቼ የግድግዳ ሰዓት ሸልመውኝ «በል እንግዲህ ንግግር አድርግ» አሉኝ። እኔን ተናገር ማለት ወንዝን ቁልቁል ፍሰስ እንደ ማለት መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቁ ወንበራቸውን አመቻችተው ተቀመጡ። እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ግንባሬን በእጇ ዳብሳ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ቆሜ ሳለሁ ጋሽ ይርጋ ትዝ ብለውኝ ነው። ዝም ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ትምህርቱም በነፃ አልተገኘም።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። አንድ ገበሬ «በሬዬ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ እኔ በሬው ከተወለደበት ቀን ጀምሬ አራት ገጽ እጽፍለት ነበር። አንድ ቀን ዳኛው አስጠርተውኝ «ልጄ፣ አንተ የምትጽፈውን አንብቤ ሳልጨርስ በሬው በእርጅና ይሞታል» አሉኝና ከዚያ ወጣሁ። ቀጥሎ ጉንደ ወይን አስተማሪ ሆንኩ። ዳይሬክተሩ ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ ድምፄን አልወደዱትም፤ በሁለት ዓመቱ ተሰነባበትን። ደመወዙስ ቢዘገይም ይመጣ ነበር፤ ያጣሁት የሚያዳምጠኝ ሰው ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለ የደብረ ማርቆስ የፊልም አዳራሽ ተርጓሚ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ፊልም ሁሉ የፈረንጅ ወይም የህንድ ነው። ሕዝቡ ቋንቋውን ስለማያውቅ አንድ ሰው ከመጋረጃው ጎን ማይክሮፎን ይዞ ይቆምና «አሁን አባትየው እምቢ አለ፣ ልጅቷም አለቀሰች» እያለ ይነግረዋል። እኔ በእንግሊዝኛ እየተንገዳገድኩም ቢሆን እሄዳለሁ። ህንድኛውን ደግሞ ከሰዎቹ ፊት አነብበዋለሁ። ባለ አዳራሹ አምስት ደቂቃ አናግረውኝ፣ ይልቁንም እኔ ሃያ ደቂቃ አናግሬያቸው፣ ቀጠሩኝ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ይርጋ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘመም አድርገው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ፊልም ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ከዚያም ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይመለከታሉ። ፊልሙን የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው። «መሐሉ ላይ ሰው አለ፤ ሰው ፊት ላይ ጣት አይደረግም» ይሉ ነበር። ፊልም ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ በምላጭ ፍቀው በማጣበቂያ ይገጥሙታል፤ ተቆርጣ የቀረችውንም ጣት የማታህል ቁራጭ አይጥሉም፣ በቆርቆሮ ሳጥን ያስቀምጧታል። የማሽኑን ጤንነት የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። እኔ እያወራሁላቸው ሳለ በድንገት እጃቸውን ያነሱና «ቆይ፣ ካርቦኑ አልቋል» ይላሉ፤ የማሽኑን መብራት የሚያነደውን ዘንግ ማለታቸው ነው። እኔ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲገባ በማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት እያንዳንዱን ያያሉ። ሲወጣ ደግሞ በር ላይ ይቆሙና ሁለት ሦስት ሰው «ምኑን ወደድከው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጠብ የወደደ፣ ዘፈን የወደደ፣ ፈረሱን የወደደ ይኖራል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ሌላ መልስ ነበር። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ «ያ ሰውዬ ብቻውን ሲበላ አይቼ የራሴን ራት አስታወሰኝ፤ እኔም ብቻዬን ነው የምበላው» ሲሉ ጋሽ ይርጋ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። «አየህ ታደለ» አሉኝ፣ «ሰው እዚህ የሚመጣው የማያውቀውን አገር ሊያይ ይመስልሃል። የሚመጣው የራሱን ጉዳይ ሊያይ ነው። አንተ አትጋርደው።»

እሺ አልኩ። ግን አልገባኝም። እኔ የምፈልገው ሕዝቡ ሲወጣ «ተርጓሚው ዛሬ ገደለን!» እንዲል ነበር።

ሽማግሌው የተናገሩለት ሰውዬ የ«አሻጋሪው» ባለታሪክ ነው። የፊልሙ እውነተኛ ስም ሌላ ነው፤ «አሻጋሪው» ያለው የከተማው ሰው ነው። ፊልሞቻችን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥተው በአውቶቡስ ይመለሱ ነበር። ይህኛው ግን ከብዙ ዘመን በፊት መጥቶ፣ በየቦታው ተበጣጥሶ ስለነበር ማንም መልሱልኝ አላለም። ክረምት ገብቶ የዓባይ በረሃ መንገድ ሲናድና አዲስ ፊልም ሲቀር እሱን እናወጣለን። ባለ አዳራሹ «ይኼ አሮጌ ጨርቅ!» እያሉ ያፍሩበታል፤ አዳራሹ ግን ይሞላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጋቢውና ካባው ሲተን፣ ሰው ለስንተኛ ጊዜ ያየውን ፊልም እንደ ዘመድ ይቀበለዋል። ሰላምታ የሚሰጡት ሁሉ ነበሩ፤ አሻጋሪው መጀመሪያ ብቅ ሲል «እንዴት ከረምክ!» ይሉታል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው በትልቅ ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው ያሻግራል። ተሳፋሪው ሁሉ ከወዲያኛው ማዶ የሚፈልገውን ይነግረዋል፦ አንዱ ሀብት፣ አንዷ ባል፣ አንዱ ሹመት። እሱም አንድ ቀን ጀልባውን ትቼ ትልቅ ከተማ እገባለሁ እያለ ያረጃል። ከዚያ መንግሥት ድልድይ ይሠራል። ሰው ሁሉ በድልድዩ ያልፋል፣ ወደ ጀልባው ዞር ብሎ የሚያይ ይጠፋል። ፊልሙ በአምስት ጥቅል የተከፈለ ነው፤ አራተኛው የሚያልቀው ሽማግሌው መጥረቢያ አንሥቶ ከጀልባው ራስ ላይ ሲቆም ነው። ማሽናችን አንድ ብቻ ስለሆነ ጥቅል በተቀየረ ቁጥር መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ከአራተኛው በኋላ አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የመጨረሻውን ጥቅል በቦታው እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጋሽ ይርጋ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ግን አንድም በዓል አገራቸው ሄደው አያውቁም። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ ትኬት የሚሸጡት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። አባታቸው ያረፉ ጊዜ ጋሽ ይርጋ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነበሩ፤ መርዶው ዘግይቶ ደረሳቸው። ቀብሩ አልፎ ለተዝካሩ ሲደርሱ ታላቅ ወንድማቸው አቶ አያሌው በሕዝብ መሐል «እኔ ወንድም የለኝም» አሉ። ጋሽ ይርጋ ከግቢው በር ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ታናሽየው «የለኝም ያለው እሱ ነው፣ አለኝ ይበል» ይላሉ፤ ታላቅየው «ታናሽ ነው፣ ይምጣ» ይላሉ። ሊያስታርቁ የተላኩ ሽማግሌዎች ከሁለቱም በኩል ይህንኑ ይዘው ይመለሳሉ።

በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ «አሻጋሪው» ሊታይ ሰው እየገባ ሳለ እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ።

«ታደለ፣ ማን እንደገባ አየህ?»

«ማን ገባ?»

«አያሌው! የይርጋ ወንድም! ያውና፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር፣ ባለ ጥቁር ካባው። እመቤቴን፣ የሰው መመሳሰሉ! ቁርጥ ይርጋ ነው።»

ወደ ማሽን ክፍሉ ሮጥኩ። ጋሽ ይርጋ በመስኮቷ በኩል ያያሉ። ፊልሙ በእጃቸው ነው፤ አይገጥሙትም። ዞር ሳይሉ «ዛሬ ፊልሙ ከሚለው አንድ ቃል አትጨምር» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወረድኩ።

አራት ጥቅል ሙሉ ቃሌን ጠበቅኩ። መጥረቢያው ተነሣ፣ ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አቶ አያሌው ሁለት እጃቸውን በዱላቸው ላይ ደራርበው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ላይ አስደግፈው፣ ባዶውን መጋረጃ ያያሉ። እኔ ጸጥታ ባየሁ ቁጥር የሚሞላ ጉድጓድ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም የሽማግሌዎች ቡድን ያቃተውን እኔ በማይክሮፎን ልጨርሰው ነው። ልቤ ሞቀ።

«ጌቶቼ» አልኩ፣ «ጀልባስ እንጨት ነው። እንጨት ቢፈለጥ ይተካል። የገዛ ወንድሙን በምላሱ መጥረቢያ የፈለጠ ሰው ግን ምን ሊተካ ነው? እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ልብ ይግዛ!»

የሚጨበጨብልኝ መስሎኝ ነበር። ቀኑ ገበያ ስለሆነ ብዙ የደብረ ኤልያስ ሰው ነበረ፤ አንገቱ ሁሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። አንዱ «እውነቱን ነው!» አለ። አንዱ ሳቀ። አቶ አያሌው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ካባቸውን አስተካከሉ፣ ማንንም ሳያዩ በዝናቡ ወጥተው ሄዱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማይክሮፎኑን ይዤ ቀረሁ።

አምስተኛው ጥቅል ሲጀመር ምስሉ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ጋሽ ይርጋ እንዲያ አሳይተው አያውቁም ነበር።

ሲያልቅ ወደ ክፍላቸው ወጣሁ። ይሳደባሉ ብዬ ነበር፤ ቢሳደቡ ደስ ባለኝ። ፊልሙን እየጠቀለሉ «በእግሩ መጥቶልኝ ነበር» አሉ። ጥቅሉን ከሳጥኑ አግብተው ክዳኑን ገጠሙ። በሳምንቱ ከባለ አዳራሹ እንደ ሰማሁት፣ ለመስቀል ሩቅ ከተማ ወዳለው ሌላ አዳራሽ ልዛወር ብለው ጠይቀዋል። እዚህ ከተማ ሆኖ መጠበቅ ሰለቻቸው። ከሄዱ ደግሞ የሚመለሱ ሰው እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ወንድማማቾች በሕይወት እያሉ ላይተያዩ ነው፤ የለያቸውም የኔ አፍ ነው። ያን ሰሞን እህል አልበላልኝ አለ። ሕዝብ ፊት መቆምም ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላኝ።

በዕረፍቴ ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ለምኜ ወደ ደብረ ኤልያስ ወጣን። ጫማዬን ጭቃው በልቶብኝ በባዶ እግሬ ነው የደረስኩት። ከአቶ አያሌው ግቢ ስንደርስ ደህና ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ይቅርታ በኛ አገር እንዲህ ነው የሚጠየቀው። መንገዱን ሁሉ የማሰላስለው ንግግር ነበረኝ፤ ድንጋዩ ሲጫነኝ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«ማነው ይኼ?» አሉ አቶ አያሌው ከቤት ወጥተው።

«ያ የአዳራሹ አፈኛ ነው» አሉ ቄሱ፣ እንዲሁ በአጭሩ። «አጥፍቻለሁ ብሎ መጥቷል። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለው።»

ቀርበው ከፊቴ ቆሙ። የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ይርጋ ነው የላከህ?»

«አይደለም ጌታዬ። እሳቸው መምጣቴንም አያውቁም። የተናገርኩትንም እሳቸው አላዘዙኝም፤ እንዲያውም አንድ ቃል አትጨምር ብለውኝ ነበር።»

«አትጨምር ብሎህ ነበር?»

«እርስዎን በመስኮት ሲያዩ ነው ያሉኝ።»

እግሮቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። «በል ድንጋዩን ጣለው» አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

አስገቡን፣ እግራችንን አሳጠቡን፣ አበሉን። ስለ ወንድማቸው አንድም ነገር አላነሡም። ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ «አባ፣ ይብሉ» እያሉ ያቋርጧቸዋል። እኔም ይቅርታዬን አገኘሁ እንጂ ለጋሽ ይርጋ ባዶ እጄን ልመለስ ነው እያልኩ አዘንኩ። ስንነሣ ሊሸኙን ወጡ። ቄሱን ትንሽ አሳልፈው እኔን ወደ ኋላ ያዝ አደረጉኝ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ ከጭቃው ላይ ሣር እየገፉ በዱላቸው፣ «ያቺን ጀልባ… ፈለጣት?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጡብኝ። እኒህ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ መጥረቢያ ሥር ነው የከረሙት!

«ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል» አሉ። «የሞኝ ነገር፣ የፈረንጅ ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ነው፣ ያችኑ ጀልባ ነው ያለው። ከፈለጣት ምን ይሆናል?»

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ አድማጭ አጋጥሞኝ አያውቅም። አገር የሚያውቀው አፌ ተከፈተ። መጨረሻውን አሳምሬ፣ አስጊጬ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ነግሬያቸው ቢሆን ደግሞ አመስግነውኝ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አፌን መልሼ ገጠምኩት።

«እኔ አልነግርዎም» አልኩ። «ፊልሙ ያለው ጋሽ ይርጋ እጅ ነው። ለመስቀል ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማን እንደሚይዘው አላውቅም።»

«ይሄዳል? ወዴት?»

«ሩቅ።»

ዱላቸውን ተክለው ቆሙ። እኛ ኮረብታውን ወጥተን ዞር ስንልም እዚያው ነበሩ።

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተፈታ፣ እትዬ ጥሩነሽ እያለከለኩ መጡ። አቶ አያሌው ከአዳራሹ በር ቆመዋል፤ ዝናብ የለም፣ ገበያም የለም፣ ሌላ ጉዳይ አለኝ ለማለት የሚመች አንድም ነገር የለም። ትኬት ቁረጡልኝ ብለዋል። የሚታየው ከቀትር በኋላ ነው ሲሏቸው «እኔ የቀረችኝን ብቻ ነው» አሉ። ወደ ማሽን ክፍሉ ወጥቼ ይህንኑ ነገርኩ። ጋሽ ይርጋ ከወንበራቸው ተነሡ። ወጥተው እጃቸውን ታጠቡ። ጣቶቻቸውን ግን አላዩም።

በባዶ አዳራሽ፣ ለአንድ ሰው፣ አምስተኛው ጥቅል ጀመረ። እኔ ማይክሮፎኑን ትቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጥረቢያው እንደ ተነሣ ነው። ሽማግሌው ይቆማል፣ ይቆማል፤ መጥረቢያውን ያወርደውና ጀልባው ላይ ይቀመጣል። ይነጋል። ከወዲያኛው ማዶ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ መጥታ እጇን ታወዛውዛለች። እሱ ድልድዩን ያሳያታል፤ በዚያ እለፊ ይላታል። እሷ ድልድዩን አይታ እንደገና ወደሱ ታወዛውዛለች። ሌላ ሰው ይመጣል፣ ሌላም፣ ድልድዩን ትተው ከወንዙ ዳር ይሰለፋሉ። ሽማግሌው ያያቸዋል። መቅዘፊያውን ያነሣል። ያ ነው መጨረሻው፤ ንግግር የለውም፣ ተርጓሚም አያስፈልገውም ነበር።

መብራት በራ። አቶ አያሌው አልተነሡም። ጀርባቸውን ነው የማየው። ከላይ ማሽኑ ቆሞ፣ የጋለው ብረት ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ምላሴን በጥርሴ ያዝኳት። አንድ ነገር ብናገር፣ ሳል እንኳ ቢያመልጠኝ፣ ሁለቱም ሰበብ አግኝተው በየበራቸው የሚወጡ መሰለኝ።

አቶ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞር አላሉም። ባዶውን መጋረጃ እንዳዩ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ይርጋ!» አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠፋው ያ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

«አቤት!» አሉ ጋሽ ይርጋ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ነበር። «አቤት፣ ወንድም ጋሼ!»

ደረጃውን ሲወርዱ ሰማኋቸው። የማሽን ክፍሉን በር ከፍተው ትተውት ነበርና ወጥቼ ገባሁ። እጄን አልታጠብኩም። ፊልሙን በጠርዙ ይዤ፣ እሳቸው ሲያደርጉ እንዳየሁት የመጀመሪያውን ጥቅል ማሽኑ ላይ ገጠምኩ፤ ሁለቱ ከመጀመሪያው አብረው እንዲያዩት ብዬ። በትንሿ መስኮት ቁልቁል ሳይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር ሁለት ዘመም ያሉ አንገቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ካባውን ለሁለት አልብሶ፣ እየጠበቁኝ ነበር።